በእናቴ ጎን ያለው ነገር

ሚያዝያ 24፣ ማክሰኞ

ሠላሳ ስምንት ወረቀት ታርሟል። ሃያ አራት ይቀራል። 9ኛ «ሐ» እኩልታ አልገባቸውም፤ ወይ እኔ አላስገባኋቸውም።

እናቴ ዛሬም የበላችውን መለሰችው። ከፋሲካ ወዲህ ሦስተኛ ጊዜ። ጾሙን ሙሉ ደህና ነበረች። አሁን ቅቤ የነካው ነገር ሁሉ ከሆዷ አይስማማም። ቀኝ ጎኗን፣ ከጎድን አጥንቷ ሥር፣ በመዳፏ ደግፋ ትቀመጣለች። ሕመሙ ወደ ትከሻዋ ይወጣል። ጨጓራ ነው ትላለች፣ ተልባ በጥብጭልኝ። በጠበጥኩ። አልረዳትም።

ከገሳይ ወደዚህ ደ/ታቦር ያመጣኋት ለአንድ ሳምንት እረፍት ብዬ ነበር። ሁለተኛው ሳምንት አለቀ። መቀነቷን ሁለት ዙር ነበር የምትጠመጥመው፤ ዛሬ ሦስት ዞራት። እሷ ልብ አላለችውም።

ነገ አራተኛ ክፍለ ጊዜ የለኝም። ሆስፒታል እወስዳታለሁ። እምቢ ትላለች። ትበል።

ሚያዝያ 25፣ ረቡዕ፣ ከቀኑ 9፡00

እምቢ አላለችም። ያ ነው ያስፈራኝ።

አልትራሳውንድ። ዶክተሩ ልጅ እግር ነው፣ ከኔ ያንሳል። ሐሞት ከረጢቷ ውስጥ ጠጠር አለ አለኝ፤ ይህ ብዙ ሴት ላይ የሚታይ ነው፣ አይደንግጥሽ። ከዚያ መሣሪያውን አንድ ቦታ ላይ አመላለሰው፣ ተወው፣ ደግሞ ተመለሰበት። እናቴ ጣሪያውን ታያለች። እኔ የሱን ፊት አያለሁ።

ኮሪደር ላይ ጠራኝ። የከረጢቱ ግድግዳ ባንድ በኩል ወፍሯል፤ ከጉበቷ ጋር የተጣበቀም ይመስላል። ሊሆን የሚችለው ብግነት ነው፤ ሌላም ሊሆን ይችላል። ሌላ ምን? አልኩት። ጫማውን አየ። ባ/ዳር ሄዳችሁ ሲቲ ስካን ትነሳ አለኝ።

ወረቀቱን ራሴ አነበብኩት። እንግሊዝኛ ባላውቅ ደግ ነበር። አንድ ቃል አለ፣ ከኋላው የጥያቄ ምልክት። ቤት እስክንደርስ ያን የጥያቄ ምልክት ሳየው መጣሁ።

ምን አለ? አለችኝ እናቴ። ጠጠር አልኳት። ውሸት አይደለም። እውነትም አይደለም።

ግንቦት 4፣ ዓርብ

ባ/ዳር ደርሰን ተመለስን። ወንድሜ ምናለ ሐሙሲት ላይ ተሳፈረ፤ የቆርቆሮና የሚስማር ሱቁን ዘግቶ። ታላቄ ነው። አባታችን ካረፈ ወዲህ የቤቱ አባወራ እሱ ነው፤ ያን ማንም አልሾመውም፣ ማንም አልከለከለውም።

ባ/ዳር ሙቀት። እናቴ ጋቢዋን አውልቃ እንደ ሕፃን አቅፋ ያዘችው። መርፌ ሰጧት፣ ወደዚያ ክብ ማሽን አስገቧት። ስትወጣ «እንደ ዳቦ ከተቱኝ» አለች። ሳቅን። የመጨረሻ ሳቃችን እሱ ነበር።

ውጤቱ ከሰዓት ደረሰ። ለካንሰር ያጠራጥራል ይላል። ጥያቄ ምልክቱ ጠፍቷል።

ምናለ ወደ ግቢው ጥግ፣ ከውኃ ታንከሩ ኋላ ወሰደኝ። እሱ ነው ቀድሞ ያለቀሰ። ፊቱን ጠርጎ ሲያበቃ ግን ሌላ ሰው ሆነ።

«ለእማዬ እንዳትነግሪያት። ከበሽታው በፊት ስሙ ይገድላታል።»

በአባታችን አጥንት አስማለኝ። ማልኩ። ምን ላድርግ፣ ደብተሬ?  እዚያች ደቂቃ ላይ ፀሐይን እንዳላይ ማይ ቢለኝም እምል ነበር።

ስንመለስ እናቴ መሐላችን ተቀምጣ። ምናለ ሐሙሲትን አልፎ ወረታ ድረስ ሸኝቶን ሙዝ ገዛላት። እሱ ሙዝ አይገዛም። እሷም አየችው።

ግንቦት 8፣ ማክሰኞ

ትምህርት አስተማርኩ ልበል? ሰሌዳው ላይ አንድ ምሳሌ ሠራሁ። አንዲት ተማሪ መልሱ ተሳስቷል አለችኝ። ተሳስቶ ነበር።

በየእረፍቱ ስልኬ ላይ አነባለሁ። የሐሞት ከረጢት ካንሰር። ዘግይቶ ነው የሚታወቅ ይላል። ስልኩን እዘጋለሁ። እከፍታለሁ።

ቤት ስገባ እናቴ ታየኛለች። ዓይኔን እንደ መጽሐፍ የምታነብ ሴት ናት። ፊደል አልቆጠረችም። ራሴን አመመኝ ብዬ እተኛለሁ። የታመመችው እሷ፣ የምትተኛ እኔ።

ምናለ ደወለ። ከሐኪም ጋር መንከራተቱ ይበቃል፤ ጠበል ይዣት ልሂድ፣ ሁለት ሱባኤ ትግባ፣ በሰላም ትረፍ ይላል። «ትረፍ» ያለውን አልወደድኩትም። ለሁለት ይተረጎማል። ጠበሉን አልጠላሁ፤ እኔም እጠመቃለሁ። ግን ዓርብ የቀዶ ጥገና ሐኪም ቀጠሮ አለን። እሱ ይቅደም አልኩ። አኮረፈ፣ ግን እሺ አለ። አልመጣም ግን፤ አንቺ ውሰጃት አለ።

ግንቦት 11፣ ዓርብ፣ ባ/ዳር፣ መናኸሪያ

ሚኒባሱ እስኪሞላ እጽፋለሁ። እናቴ መስኮቱ ጋ አሸልባለች።

ሐኪሟ ረጅም ሴት ናቸው፣ ድምፃቸው ቀስ ያለ። ፎቶውን መብራት ላይ ሰቅለው እኔን ብቻ አስገቡኝ። እንዲህ አሉ፦ ጠጠር አንድን ከረጢት ለዓመታት ሲፍቀው፣ ሲቆጣ ሲበርድ፣ ሲቆጣ ሲበርድ፣ ግድግዳው ይወፍራል፣ ይደድራል፣ ከጉበት ጋር ይጣበቃል። ፎቶ ላይ ልክ ካንሰር ይመስላል። ካንሰርም ልክ እንዲህ ይመስላል።

በመርፌ ናሙና አይወሰድም? አልኩ። ካንሰር ከሆነ መርፌው ይዘራዋል አሉ። ወጥቶ፣ ተቆርጦ፣ በማይክሮስኮፕ ካልታየ በቀር አይለይም። ስለዚህ እንደ ካንሰር ቆጥረን ከጉበቷም ጥቂት ጨምረን እናወጣዋለን። ቀላል ኦፕራሲዮን አይደለም። በዕድሜዋ አስጊ ነው።

የሒሳብ ሰው ነኝ። ከመቶ ስንት? አልኳቸው። ካንሰር ያለመሆኑ ዕድል ከመቶ ስንት ነው?

«ቁጥር ብሰጥሽ ቁጥሩን ይዘሽ ትኖሪያለሽ» አሉ። አልሰጡኝም።

ከዚያ ጠየቁኝ፦ እናትሽ ያውቃሉ? አታውቅም አልኩ። ሳያውቁ ቢላ አላነሳም አሉ። ሆዱ የሳቸው ነው።

ሚኒባሱ ሞላ።

ግንቦት 12፣ ቅዳሜ

ለምናለ ነገርኩት። ጮኸ። በስልክ ሲጮህ እንደ አባታችን ነው። አትነገርም። አትቀደድም። ካንሰር ቢላ ከነካው ይብስበታል፣ አገር ያወቀው ነው። ላይሆን ይችላል እኮ አሉ፣ አልኩት። ለማጽናናት ያሉሽን ይዘሽ እናቴን አታሳርጃትም አለ።

ከዚያ ቀስ ብሎ፦ ምለሻል።

አዎ። ምያለሁ።

ደብተሬ፣ መሐላ የሚፈርሰው እንዴት ነው? ባንዴ ነው ወይስ በጥቂት በጥቂቱ? እኔ ገና ሳልናገር የፈረሰ መሰለኝ።

ግንቦት 13፣ እሑድ፣ ከቀኑ 10፡00

ነገርኳት።

ከቤተ ክርስቲያን ተመልሳ ጓሮ ወጣች። ዝናቡ ጀምሯልና የድንች መደብ ልታወጣ። አራት ክንድ የማትሞላ ጓሮ፤ ለገሳይ ሴት ግን መሬት ባዶውን አይታይም። ዶማውን ልቀማት ሄድኩ። አልለቀቀችም። ሁለታችንም እጀታውን እንደያዝን ቆምን።

«የሚታመመው የኔ ጎን» አለች፣ «የሚንሾካሾከው የናንተ አፍ። እስከ መቼ ነው?»



«ነቀርሳ ነው?»

«አይታወቅም እማዬ። ሊሆን ይችላል። ላይሆንም ይችላል።»

«ላይሆንም ይችላል ያለው ማን ነው?»

«ሐኪሟ።»

«አንቺስ?»

«እኔ አላውቅም።»

«እንግዲያ እኩል ነን» አለችና ዶማውን ለቀቀችልኝ።

መደቡ ዳር ተቀመጠች። ሁሉንም ነገርኳት፤ ጠጠሩን፣ መጣበቁን፣ ቢላውን፣ አስጊነቱን። ምናለ ያስማለኝንም። አላለቀሰችም። ከባ/ዳር ስንመለስ ነው ያወቅሁት አለች፤ ልጄ ሙዝ የገዛልኝ ቀን።

ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ። ከመቀደዴ በፊት ገሳይ አድርሺኝ።

ከአክስቴ ከባንቺ ጋር ልትታረቅ ነው። የእናቴ ታናሽ እህት። ዘጠኝ ዓመት አልተነጋገሩም። ከአያቴ የቀረ መሬት፣ በመሐል አንድ ረድፍ ባሕር ዛፍ፣ ወሰኑ ከዛፉ ወዲህ ነው ወይስ ወዲያ። ሽማግሌ ሦስት ጊዜ ተቀምጧል። ማኅበር ላይ ጀርባ ለጀርባ ይቀመጣሉ። የአባቴ ለቅሶ ላይ አክስቴ ከድንኳኑ ውጭ ቆማ አለቀሰች፤ አልገባችም።

ለምናለ እንዴት ልነግረው ነው?

በዚያው ቀን፣ ከምሽቱ 1፡00

ነገርኩት።  «እናቴ ብትሞት ገዳይዋ አንቺ ነሽ» አለ። ዘጋው።

ግንቦት 19፣ ቅዳሜ

ገሳይ። ብርድ፣ ጭጋግ፣ ጭቃ። የእናቴ ንስሐ አባትና ሁለት ሽማግሌዎች ቀድመው አክስቴ ቤት ደርሰዋል። እናቴ ከደጅ ድንጋይ ለመሸከም ጎንበስ አለች። የበደለ ነው ድንጋይ የሚሸከም፤ ማን እንደበደለ ግን ገና አልተወሰነም። ሽማግሌዎቹ ተያዩ። አክስቴ ሮጣ ወጥታ ድንጋዩን ከእጇ ቀማቻት። ጎኗን ስትደግፍ አይታለች።

«እቴ፣ ምን ሆነሽ ነው?»

«ልቀደድ ነው። ወሰኑ አንቺ ያልሽው ይሁን። ዛፉም ያንቺ።»

አክስቴ ዛፉን አልፈልግም ብላ አለቀሰች። እናቴ ትወስጃለሽ ብላ ተቆጣች። ታርቀውም ሊጣሉ ነበር። ቄሱ መስቀል አሳለሟቸው።

እኔ ከበሩ አጠገብ ቆሜ አንድ ነገር ብቻ አስብ ነበር፦ በሞት ፍርሃት የተገኘ ዕርቅ። እኔ ባልነግራትስ ኖሮ?

ሰኔ 6፣ ማክሰኞ፣ ባ/ዳር፣ ከጠዋቱ 4፡15

ከገባች አንድ ሰዓት ተኩል።

የፈቃድ ወረቀቱ ላይ ራሷ ናት ጣቷን ያሳረፈች። ነርሷ ወደኔ ስታዞረው እናቴ ሳበችው። ጣቷ ላይ የቀረውን ቀለም በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች፤ ነጠላው እጄ ላይ ነው።

ምናለ መጣ። አስቤው አልነበረም። ደም ሰጠ። እኔም ሰጠሁ። ጎን ለጎን ባሉ አልጋዎች ተኝተን፣ እሱ ግድግዳውን፣ እኔ ኮርኒሱን። አሁን ኮሪደሩ ጫፍ ካለው አግዳሚ ላይ ነው። እኔ እዚህ ጫፍ። አክስቴ መሐል። ውዳሴ ማርያሟን በቃሏ ትላለች፤ ታቆማለች፣ ወደሱ ታያለች፤ ትቀጥላለች፣ ወደኔ ታያለች።

4፡50። ምንም የለም።

5፡30። አንዲት ነርስ እየሮጠች ወጣች። ደም ይዛ ተመለሰች። የማን ደም? የኔ? የሱ?

6፡20። ብትሞት ገዳይዋ እኔ ነኝ። ብትሞት

7፡05። ሐኪሟ ወጡ። ጭምብላቸው አገጫቸው ላይ። በሕይወት አለች። አለች! ከዚያ ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር፦ ያወጣነው ደድሯል፣ ቢጫ ነው፣ ከጉበት ጋር አንድ ሆኗል። ዓይኔ ካንሰር ይመስለኛል ይላል። ግን ዓይን አይታመንም። ናሙናው አ/አ ይላካል። ሦስት ወይም አራት ሳምንት።

ምናለ ሰማቸው። ተነሣ። በአጠገቤ አለፈ። ደሙን የሰጠበት ክንዱ ላይ ጥጡ ገና አለ።

ሰኔ 17፣ ቅዳሜ

ደ/ታቦር። እናቴ ቁስሏ እየደረቀ ነው። የሐዋርያትን ጾም አልጾምም ማለት አልሆንላት ብሎ ከንስሐ አባቷ ጋር በስልክ ተከራከረች። ተረታች። ወተት ትጠጣለች፤ በየጉንጩ ይቅርታ እየጠየቀች።

አክስቴ ከሷ ጋር አንድ ፍራሽ ላይ ነው የምትተኛ። የዘጠኝ ዓመት ወሬ አለባቸው። ማን ሞተ፣ ማን ወለደ፣ የማን ላም ገደል ገባች። ማብቂያ የለውም።

ምናለ በአክስቴ ስልክ ይደውላል። ስልኩ እናቴ ጆሮ ላይ ሲሆን ድምፁ ከውጭ ይሰማኛል። እኔን አይጠይቅም።

ሰኔ 22፣ ሐሙስ

ምንም። ሆስፒታሉ ደወልኩ፤ ውጤቱ አልደረሰም አሉኝ።

ሰኔ 27፣ ማክሰኞ

አልደረሰም።

እናቴ ጥሩ ትበላለች። ይህ ጥሩ ምልክት ነው ወይስ ስላወጡት ብቻ ነው? መቀነቷን ስትታጠቅ ከበሩ ኋላ ሆኜ ዙሩን ቆጠርኩ። ሦስት። አሁንም ሦስት። ዛሬ የሪፖርት ካርድ ሞልቼ አንድ ልጅ ሊወድቅ የማይገባውን ጣልኩ፤ ደግነቱ ሳላስረክብ አየሁት።

ሰኔ 30፣ ዓርብ

ዛሬ ተቆጣሁ። በማን ላይ እንደሆነ አላውቅም። በማይክሮስኮፑ ይሁን፣ በምናለ፣ ወይ «እግዜር ያውቃል» እያለች ድንቿን በምታርም እናቴ። እግዜርማ ያውቃል። እኔ ነኝ የማላውቅ።

ሐምሌ 4፣ ማክሰኞ፣ ባ/ዳር

ብቻዬን መጣሁ። ወረቀቱን ሐኪሟ ሳይሆኑ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነው የሰጠኝ፣ ከሌላ ወረቀት ጋር አጣብቆ። አልከፈትኩትም። ይዤው እሳቸው ክፍል በር ላይ ሃምሳ ደቂቃ ቆምኩ። ገብቼ ሰጠኋቸው። አነበቡ። መነጽራቸውን አወለቁ።

የካንሰር ምልክት አልተገኘም። በእንግሊዝኛ አራት ቃል።

ሥር የሰደደ ብግነት ነው አሉ። ሐሞቱ ግድግዳው ውስጥ እየሠረገ፣ ሰውነት ሊያጸዳው የላካቸው ሕዋሳት የሐሞቱን ስብ እየጎረሱ አብጠው፣ ቢጫ ዕባጭ ሠርተው። እኔንም አታለለኝ አሉ፤ ብዙ ሐኪም ያታልላል። ወጥቷል፣ አልቋል።

አልቋል? አልኩ። አልቋል። ሦስት ጊዜ ጠየቅኳቸው፤ ሦስቱንም ጊዜ መለሱልኝ።

ወጥቼ ከውኃ ታንከሩ ኋላ ሄድኩ። ለምን እዚያ እንደሄድኩ አላውቅም። ለምናለ ደወልኩ። አላነሳም። እንደገና። አላነሳም። ጻፍኩለት፦ ካንሰር አይደለም። ምንም መልስ የለም።

ስመለስ ሐሙሲት ላይ ሚኒባሱ ሰው ሊያወርድ ቆመ። ሱቁ ከመንገዱ ይታያል። አልወረድኩም። ፈራሁ።

ሐምሌ 5፣ ረቡዕ፣ ከቀኑ 11፡00

እናቴ ስነግራት «ታድያ ምን ነበር?» አለች። ንዴት፣ አልኳት። ጠጠር ላይ የተናደደ ሥጋ። አሰበችበት። ይህን ያህል ዓመት ይናደዳል እንዴ አለች። አክስቴ ዕልል አለች፣ ጎረቤት በአጥር ላይ ብቅ አለ።

ምናለ ጠዋት ለአክስቴ ደወለ። እናቴ አወራችው። አለቀሰ አለች። ብዙ አለቀሰ። ከዚያ ምን አለ? አልኳት። ወሰኑ በስሕተት ተሰጠ ማለት ነዋ፣ አለ። እናቴ ስትነግረኝ ሳቋን ልትይዝ ቁስሏን በሁለት እጇ አፈነች።

«የሰጠሁት ለነቀርሳው አይደለም፣ ለእህቴ ነው አልኩት።»

ስለኔስ? አልኩ።  ሳቋ ቆመ። ዘጠኝ ዓመት እኔ ያጠፋሁት ይበቃል፣ አለች።  ተነሥታ ወደ ድንቹ ሄደች።

እውነቱን ልጻፍ፣ ደብተሬ። እስካሁን ላንተም አልነገርኩህም። ለእናቴ የነገርኳት መብቷ ስለሆነ ብቻ አይደለም። ጀግናም ስለሆንኩ አይደለም። ብቻዬን መሸከም ስላልቻልኩ ነው።  ብትሞት ኖሮ ምናለ ልክ ይሆን ነበር፤ እኔም አውቀው ነበር። ውጤቱ መልካም ሆኖ ወጣ እንጂ እኔ ትክክል አልወጣሁም። መሐላ አፍርሻለሁ። ይህ በስልክ አይባልም። በወረቀትም አይላክም።

ነገ ሐሙስ ነው። የመጀመሪያውን ሚኒባስ እይዛለሁ።

ሐምሌ 6፣ ሐሙስ፣ ሐሙሲት፣ ከረፋዱ 4፡40

ከሱቁ ማዶ ሻይ ቤት። ሁለተኛ ሻይ። የመጀመሪያው ቀዘቀዘብኝ።

ገበያው ሞልቷል። በግ፣ ጤፍ፣ ጭቃ። ምናለ ቆርቆሮ እየመዘነ ነው፣ አይ፣ እየለካ። ከስቷል። ጢሙን አልተላጨም። ደንበኛ ሲሄድ ሌላው ይተካል። ባዶ ሲሆን እሄዳለሁ ብያለሁ። ሁለቴ ባዶ ሆነ። አልተነሣሁም።

ምን ብዬ ልጀምር? ይቅርታ? እንደምን አደርክ? ስሙን ብቻ?

አሁን ደንበኛው ወጣ። እጁን በጨርቅ እየጠረገ ነው። ቀና አለ። ወዲህ እያየ ነው። አየኝ።

ወደ ውስጥ ገባ። ሊዘጋብኝ ነው።

አይደለም። መነጽሩን አድርጎ ወጣ። ጨርቁን ትከሻው ላይ ጣለ። ሱቁን ክፍቱን ትቶ፣ በበጎቹ መሐል፣ መንገዱን ወደኔ እየተሻገረ ነው።